ግምትን ከተረጋገጠ ዕውቀት መለያ መንገድ፦ በዝሆኔ በሽታ ምሳሌነት

በሳይንስ ስም የሚነገር ነገር ሁሉ እኩል የጸና አይደለም። አንዱ ለብዙ ዓመታት ከብዙ አቅጣጫ ተፈትኖ የቆመ ነው። ሌላው ጥሩ ምልክት ቢታይበትም ፈተናው አላለቀም። ሌላው ደግሞ ጆሮ ከመሳቡ በቀር የሚደግፈው ማስረጃ የለውም። እነዚህ በአንድ የሬዲዮ ዝግጅት፣ በአንድ የመማሪያ ገጽ፣ አንዳንዴም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀላቅለው ይመጣሉ። የመለየቱ ሥራ የአድማጩና የአንባቢው ነው፤ ሥራውም ሥርዓት አለው።

ሥርዓቱን ለማሳየት በምሥራቅ ጎጃም ገበያ የሚውል ሰው ሁሉ የሚያውቀው በሽታ ተመርጧል። የደጋው የእግር ዝሆኔ፣ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ፣ እግርን ቀስ በቀስ የሚያሳብጥና ቆዳን የሚያሻክር በሽታ ነው። ከእግር መዳፍና ጣት አካባቢ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት አያልፍም። ስለ መነሻው ብዙ ተብሏል፦ እርግማን ነው፣ መተት ነው፣ መርዘኛ ነገር በመርገጥ የመጣ ነው፣ በዘር የሚወረድ ነው፣ የሚጋባ ነው፣ ከአፈር ነው። ከእነዚህ አንዱ ጽኑ መሠረት አለው፣ አንዱ ግማሽ እውነት ይዟል፣ የቀሩት መሠረት የላቸውም። የትኛው የትኛው እንደሆነ ማወቅ የታማሚውን ሕይወት ይለውጣል።

አራቱ የጽናት ደረጃዎች

ማንኛውም ሳይንሳዊ አባባል ከሚከተሉት አራት ደረጃዎች በአንዱ ላይ ይቀመጣል።

ግምት፦ ይሆናል ተብሎ የታሰበ፣ ገና ለፈተና ያልቀረበ ሐሳብ ነው። ግምት ነውር አይደለም፤ ምርምር ሁሉ የሚነሣው ከእርሱ ነው። ነውሩ ግምትን እንደ ዕውቀት መናገር ነው።

መላምት፦ ሊፈተን በሚችል መልክ የተቀመጠ ግምት ነው። ስህተት ከሆነ ምን መታየት እንዳለበት አስቀድሞ ይናገራል።

የተደገፈ ግኝት፦ አንድ ወይም ጥቂት ጥናቶች የደገፉት፣ ነገር ግን ድንበሩ ገና ያልተለየ ነው።

የተረጋገጠ ዕውቀት፦ በተለያዩ ሰዎች፣ በተለያየ ዘዴና ቦታ ተፈትኖ የቆመ፣ ተፎካካሪ ማብራሪያዎቹም በማስረጃ የወደቁለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዕለት ንግግር «ንድፈ ሐሳብ» ሲባል ከተግባር የራቀ ወሬ ማለት ይመስላል። በሳይንስ ግን ንድፈ ሐሳብ ብዙ የተረጋገጡ ነገሮችን በአንድ ላይ የሚያስረዳ ማዕቀፍ ነው። ተላላፊ በሽታዎች ከረቂቅ ተሕዋስያን ይመጣሉ የሚለው የጀርም ንድፈ ሐሳብ ይባላል፤ ስሙ ግን ግምት አያደርገውም።

1. አባባሉን መበተን

መጀመሪያ የሚሠራው ረጅሙን አባባል ወደ ትንንሽ አባባሎች መከፋፈል ነው። «ዝሆኔ ከቀይ አፈር የሚመጣ፣ በዘር የሚተላለፍ፣ መድኃኒት የሌለው በሽታ ነው» የሚል ሰው ሦስት ነገር ተናግሯል። ስለ አፈሩ የተነገረው አንድ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ስለ ዘሩ የተነገረው ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ስለ መድኃኒቱ የተነገረው ደግሞ ፈጽሞ የተለየ ጥናት ይጠይቃል። አንዱ እውነት በመሆኑ ሌሎቹ ተከትለው እውነት አይሆኑም። ብዙ ስህተት የሚገባው በዚህ በር ነው፤ ጽኑው ክፍል ደካማውን ተሸክሞ ያልፋል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል በወረቀት ላይ በተለየ መስመር ይጻፋል። ከዚህ በኋላ ያሉት እርምጃዎች የሚሠሩት በእያንዳንዱ መስመር ላይ እንጂ በጠቅላላው ንግግር ላይ አይደለም።

2. ግሡን መመርመር

አማርኛ የዕውቀትን መጠን የሚለኩ ግሦች አሉት። «ይባላል» ምንጩን ይሸሽጋል። «ይገመታል» እና «ሊሆን ይችላል» ግምትን ያሳያሉ። «ይያያዛል» ወይም «ተዛምዶ አለው» ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸውን ብቻ ይናገራል። «ያስከትላል» አንዱ ሌላውን ማምጣቱን ይናገራል። «ተረጋግጧል» ደግሞ ከሁሉ የከበደውን ሸክም ይሸከማል።

በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም የአፈር ናሙናዎችን ከበሽታው ሥርጭት ጋር አነጻጽሮ ስሜክታይት፣ ሚካና ኳርትዝ የተባሉ ማዕድናት ከበሽታው ጋር ተዛምዶ እንዳላቸው አሳይቷል። ጥናቱ የተናገረው «ተዛምዶ» ነው። ይህ ዜና ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር «በሽታውን የሚያመጣው ስሜክታይት መሆኑ ተረጋገጠ» ወደሚል ቢለወጥ፣ አንድ ግሥ ሲቀየር መላምቱ ያለ ምንም አዲስ ማስረጃ ዕውቀት ሆኖ ይውላል። ስለዚህ ዜና ሲሰማ ከሁሉ አስቀድሞ የመጀመሪያው ተናጋሪ የተጠቀመበት ግሥ ይፈለጋል።

3. የማስረጃውን ዓይነት መለየት

«ጥናት አለ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ምን ዓይነት ጥናት እንደሆነ ይጠየቃል። ሦስት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉ።

ቆጠራ፦ ነገሩ ምን ያህልና የት እንዳለ ይናገራል። ኦመን የተባለ ተመራማሪ በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያ 56 ገበያዎች ላይ ገበያተኛውን በመመልከት 2.7 በመቶው ያበጠ እግር እንዳለው ዘግቧል። ዘዴው ብልህ ነው፤ የኢትዮጵያ ገጠር ሕዝብ በአንድ ቀን ተሰብስቦ የሚታየው በገበያ ነውና። ድንበሩ ግን ግልጽ ነው፦ መሄድ ያቃተውና በኀፍረት ከቤት የዋለው ታማሚ አይቆጠርም። ቆጠራ ደግሞ የበሽታውን መኖር እንጂ መነሻውን አይናገርም።

ንጽጽር፦ በሽታው ያለባቸውንና የሌለባቸውን ሰዎች ወይም ቦታዎች ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሄደበት መንገድ ይህ ነው። በሽታው ዝናብ በሚበዛበት ደጋ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ እንደሚከማች አሳየ፤ በታማሚዎች የሊምፍ ዕጢ ውስጥም ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶችን አገኘ። «ፖዶኮኒዮሲስ» የሚለውን ስም የሰጠውም እርሱ ነው፤ ስሙ እግርንና አቧራን ከሚያመለክቱ የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው።

ሙከራ፦ ተመራማሪው አንድ ነገር ለውጦ ውጤቱን ያያል። ምሥራቅ ጎጃም በዚህ ረገድ ለዓለም ዕውቀት ያበረከተው ነገር አለ። በዚያ 696 ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን ወዲያው እግሩን በሳሙና እንዲታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ እንዲጠቀም ተደረገ፤ ሌላው ወገን ይህንኑ ያገኘው ዓመት ቆይቶ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት መሠረት፣ እግርን በድንገት የሚያግለውና የሚያቀላው፣ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመም በታከመው ወገን በአንድ ሰው በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲነሣ፣ ሕክምናውን በሚጠባበቀው ወገን 23.9 ጊዜ ተነሥቷል።

ዕጣው ትልቅ ቁም ነገር ነው። ታካሚዎቹ በምርጫቸው ቢከፈሉ ኖሮ ሳሙና የመረጠው ወገን ቀድሞውንም ውሃ የቀረበውና ኑሮው የተሻለ ሊሆን ይችል ነበር፤ ልዩነቱ ከሳሙናው ይሁን ከኑሮው አይታወቅም ነበር። ይህም ሙከራ ቢሆን ከጠየቀው ጥያቄ አልፎ አይመልስም። ያሳየው ይህ የእግር እንክብካቤ በአንድ ላይ ሲሰጥ ድንገተኛውን ሕመም እንደሚቀንስ ነው፤ ስለ በሽታው መነሻ የተናገረው ነገር የለም።

4. «አንድም» ማለት

በምሥራቅ ጎጃም ካለችው ከቢቸና ከተማ ብዙ በማይርቁት በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ጥንታዊ ትምህርት ለደከመ ሰው «አንድም» የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። የአንድምታ መምህር አንዱን ትርጓሜ ከተናገረ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያስከትላል። በሳይንስም አንድ ማብራሪያ ሲቀርብ የመጀመሪያው ሥራ «አንድም» ማለት ነው። ልዩነቱ፣ በአንድምታ ትርጓሜዎቹ ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ፤ በሳይንስ ግን ማስረጃ እንዲመርጥ ይደረጋል።

«ዝሆኔ ከአፈር ነው» ሲባል፦ አንድም ትንኝ በምታስተላልፈው የፊላሪያ ትል ይሆናል፤ አንድም በድህነት ይሆናል፤ አንድም ከሌላ ታማሚ በመጋባት ይሆናል። የመጀመሪያው በሁለት መንገድ ወደቀ። የፊላሪያ ዝሆኔ እንደ ጋምቤላ ባሉ ሞቃት ቆላዎች የሚገኝ ነው፤ የደጋው ታማሚዎች ደም ሲመረመር ደግሞ የትሉ ምልክት አልተገኘም። ሁለተኛው ብቻውን አልቆመም፤ በባዶ እግሩ የሚሄድ ድሃ በየትኛውም አፈር ላይ አለ፣ በሽታው ግን በአንድ ዓይነት አፈር ላይ ይከማቻል። ሦስተኛው የሚያስተላልፈው ተሕዋስ አልተገኘለትም። በሌላ በኩል ጫማ በተለመደባቸው በምዕራብ አውሮፓና በሰሜን አፍሪካ አካባቢዎች ቀድሞ ይታይ የነበረው ይህ በሽታ ጠፍቷል።

አንድ ማብራሪያ የሚጸናው የሚደግፈው ምልክት ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ተፎካካሪዎቹ በፍትሕ ተሰምተው ሲወድቁ ነው። ተፎካካሪዎቹ ያልተጠቀሱበት አባባል ገና ከመላምት አላለፈም።

የማይፈተን አባባልም አለ። «እርግማን ነው» የሚለው ስህተት ቢሆን ምን ይታይ ነበር ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የለውም። ታማሚው ቢድን ይቅርታ አገኘ ይባላል፤ ባይድን እርግማኑ ጸና ይባላል። ከሁለቱም ጋር የሚስማማ አባባል ከሳይንስ ሚዛን ውጭ ነው፤ መላምት ለመባልም አይበቃም።

5. ቁጥሩ የምን ቁጥር እንደሆነ መጠየቅ

ቁጥር የእርግጠኝነት መልክ ስላለው በቀላሉ ያታልላል። ሦስት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል።

የምን መለኪያ ነው? በ2007 እ.ኤ.አ. በወላይታ የተደረገ ጥናት ለበሽታው የውርስ ድርሻ 63 በመቶ አድርጎ አስልቷል። ይህን «ከታማሚዎቹ 63 በመቶው ከወላጆቻቸው ወረሱት» ብሎ ማንበብ ስህተት ነው። ቁጥሩ የሚናገረው በተጠናው ሕዝብ ውስጥ በሰውና በሰው መካከል ያለው የተጋላጭነት ልዩነት ምን ያህሉ በዘር ልዩነት እንደሚብራራ ነው። የአንድን ሰው ወይም የአንድን ቤተሰብ ዕጣ ፈንታ አይናገርም። ተጋላጭ ሆኖ የተወለደም ቢሆን እግሩ ከአፈሩ ከተጠበቀ በሽታው አይይዘውም።

ተቆጠረ ወይስ ተሰላ? በመላ አገሪቱ በተካሄደውና በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመው የሥርጭት ካርታ ሥራ በ659 ወረዳዎች፣ በ1,315 ቀበሌዎች 129,959 አዋቂዎች ታይተው በ4 በመቶው ላይ በሽታው ተገኝቷል። ይህ የታየ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው 34.9 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ለበሽታው በሚያጋልጥ አካባቢ ይኖራሉ የሚለው ግን ከአየር ጠባይ፣ ከከፍታና ከአፈር መረጃ በሞዴል የተሰላ ነው። «ተጋላጭ» እና «ታማሚ» የተለያዩ ቃላት ናቸው።

ስፋቱ ምን ያህል ነው? በኢትዮጵያ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎች ከበሽታው ጋር ይኖራሉ የሚለው ስሌት ከ290 ሺህ ገደማ እስከ 4.6 ሚሊዮን ገደማ የሚደርስ የስህተት ወሰን አለው። መካከለኛው ቁጥር ብቻ ሲጠቀስ ስሌቱ ከእውነተኛ ጽናቱ በላይ የጸና ይመስላል። ወሰኑ አብሮ ሲነገር ግን ትክክለኛው ነገር ይታያል፦ ሸክሙ ትልቅ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ልኩ ግን ገና አልጠራም።

6. ግኝቱ የት እንደሚሠራ ማየት

በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስና በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ነዋሪዎች 3.3 በመቶው በሽታው እንዳለባቸው አገኘ። ይህ ቁጥር ለተጠኑት ቀበሌዎች ጽኑ ነው። ወደ ቢቸና ሲወሰድ ግን ግምት ይሆናል። በቢቸና ዙሪያ ያለው ሰፊ የጥቁር ዋልካ መሬት ከቀዩ አፈር የተለየ ነው፤ ከፍታውና የዝናቡ መጠንም ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንድ ዞን መሆን አንድ አፈር መሆን አይደለም።

በአገር አቀፉ የካርታ ሥራም ቀበሌዎቹ ለወረዳዎቹ ሲካፈሉ በአማካይ በየወረዳው ሁለት ቀበሌ ይደርሳል፤ በአንድ ቀበሌ ደግሞ መቶ ያህል ሰው። ይህ የአገርን ገጽታ ለማሳየት በቂ ነው። ስለ አንድ ጎጥ ለመናገር ግን በዚያው ጎጥ መቁጠር ያስፈልጋል።

7. መደጋገሙን ማረጋገጥ

አንድ ጥናት ምስክር ነው፤ ፍርድ አይደለም። ነጻ ምስክሮች ሲበዙ ፍርዱ ይጠነክራል። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ከደቡብ ኢትዮጵያ በተወሰዱ 194 ታማሚዎችና 203 ጤነኞች የዘረመል ንጽጽር፣ የሰውነትን የመከላከያ ሥርዓት በሚመራ የዘረመል ክፍል ላይ ልዩነት መኖሩን አሳዩ። በዚያን ጊዜ ይህ የተደገፈ ግኝት ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. በሦስት የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ተመሳሳይ ተዛምዶ እንደገና ሲገኝ ወደ ጽናት አንድ እርምጃ ቀረበ።

መደጋገም ሲቆጠር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሥር ጋዜጦች አንዱን ጥናት ቢጽፉ ምስክሩ አንድ ነው። አሥር ሰዎች ከአንድ ሰው የሰሙትን ቢናገሩም ምስክሩ ያው አንድ ነው። የአፈሩ ጉዳይ የጸናው በኢትዮጵያ ብቻ ስለተነገረ ሳይሆን፣ በካሜሩን፣ በሩዋንዳና በኡጋንዳ ደጋዎችም በባዶ እግር በሚያርሱ ገበሬዎች ላይ በሽታው ስለታየ ነው።

8. የተናጋሪውን ማዕረግ ከማስረጃው መለየት

የባለሙያ ቃል ክብር ይገባዋል፤ ማስረጃን ግን አይተካም። በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ የወላይታ ጥናት ከተጠየቁት የጤና ባለሙያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው ተላላፊ ይመስላቸው ነበር። ይህን ከባለሙያ የሰማ ቤተሰብ ታማሚውን ቢያገልል፣ ልጆቹንም ከጋብቻ ቢከለክል፣ የሰማውን ማመኑ ነው። ስለዚህ ለማንኛውም ተናጋሪ በአክብሮት የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ይህ በምን ታወቀ?» ጥሩ ባለሙያ በጥያቄው አይቀየምም፤ ማስረጃውን ይናገራል፣ ወይም የእርሱ ግምት መሆኑን ይገልጻል።

መዝገቡን መሙላት

እርምጃዎቹ ካለቁ በኋላ እያንዳንዱ መስመር ደረጃው ይጻፍበታል። የዝሆኔው መዝገብ ሲሞላ ይህን ይመስላል፦

የደጋው ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፦ የተረጋገጠ ዕውቀት።

በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለረጅም ጊዜ በባዶ እግር መሄድ ለበሽታው ያጋልጣል፤ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግ ይከላከላል፦ የተረጋገጠ ዕውቀት።

እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባትና ጫማ ድንገተኛውን ሕመም ይቀንሳሉ፦ በዕጣ ሙከራ የጠነከረ ግኝት።

የዘር ልዩነት ተጋላጭነትን ይጨምራል፦ በድግግሞሽ የጠነከረ ግኝት።

የአፈሩ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ አልፈው የሊምፍ ቧንቧዎችን በማስቆጣት ይዘጋሉ፦ ብዙ ምልክት የሚደግፈው፣ ዝርዝሩ ያልተሟላ ማብራሪያ።

ጥፋተኛው ስሜክታይት ብቻ ነው፦ መላምት።

እርግማን ወይም መተት ነው፦ በማስረጃ የማይመዘን።

መዝገቡ ለዘለዓለም የሚዘጋ አይደለም። አዲስ ማስረጃ ሲመጣ መስመሮች ከደረጃ ደረጃ ይዛወራሉ፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፍርድ አጠገብ ቀኑ ይጻፋል።

ከመዝገቡ ወደ ተግባር

ሁለት ስህተቶች ይቀራሉ። የመጀመሪያው ግምትን ወደ ዕውቀት ማውጣት ነው፤ በዝሆኔ ረገድ ዋጋውን የከፈለው ያለ ጥፋቱ የተገለለው ታማሚ ነው። ሁለተኛው ዕውቀትን ወደ ግምት ማውረድ ነው። «የትኛው ማዕድን እንደሆነ እንኳ ገና አላወቁም፤ ታዲያ ስለ ጫማ ምን ያውቃሉ?» የሚል ክርክር ብልህ ይመስላል፤ ነገር ግን የመዝገቡን ሁለት መስመሮች ያምታታል። ማዕድኑን ማወቅ አንድ ጥያቄ ነው፤ ጫማ መጠበቁን ማወቅ ሌላ ነው። ያልታወቀው ክፍል የታወቀውን አያፈርስም።

ስለዚህ ከተግባር በፊት ሁለት ነገር ይመዘናል፦ የአባባሉ ጽናትና የስህተቱ ዋጋ። ጽኑ በሆነውና ዋጋው ቀላል በሆነው ላይ ወዲያው ይሠራል፤ ልጅን ጫማ ማልበስ፣ በየማታው እግርን በሳሙና ማጠብና ማድረቅ፣ እብጠት የጀመረውን ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ፣ ታማሚውን በማዕድና በጋብቻ አለማግለል ከዚህ ወገን ናቸው። መላምት በሆነው ላይ ምርምሩ ይጠበቃል፤ እስከዚያው ማንም ገንዘቡን ወይም ክብሩን እንዲያጣበት አይደረግም። ግምት የሆነው ደግሞ ግምት መሆኑ እየተነገረ ለሚቀጥለው ጥናት ይቀመጣል።